ጋሼ ቁልፉ እና ግራጫዎቹ መጻሕፍት

የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ድሮ የጨርቅ መጋዘን ነበር፤ ሁለት ክፍል፣ አንድ መስኮት። የመጀመሪያው ባለሙያ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ተዛወረና ቁልፉን ለጥበቃው ሰጠው። «ተተኪዬ እስኪመጣ ነው፤ ቢበዛ አንድ ሳምንት» አለው። ሳምንቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። ጥበቃው ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ስለማያውቅ ስሙም ጋሼ ቁልፉ ሆኖ ቀረ።

ጋሼ ቁልፉ ፊደል አልቆጠረም። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ነበረች፤ እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ኖረች። መጻሕፍቱን የሚለያቸው በቀለማቸውና በቦታቸው ነው። ወፍራሙ ቀይ ሕግ፣ ጥጉ የተበላው አረንጓዴ ንብ እርባታ። አንባቢ መጽሐፍ ሲመልስ «እንዴት ነበር?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሰማውንም አይረሳም። መዝገቡን የሚሞላው አንባቢው ራሱ ነው። «መነጽሬን ቤት ረስቼ እኮ ነው» ይላል ጋሼ ቁልፉ። መነጽር ኖሮት አያውቅም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ስንት የተማረ ሰው የሱን ያህል መጽሐፍ አያውቅም።

ጉድ የፈላው ማዘጋጃ ቤቱ ደግ ነገር ያሰበ ዕለት ነው። መጻሕፍቱ ተቀዳደዋል ተብሎ ሁሉም ለጥረዛ ተላኩ። በወሩ ሲመለሱ ስድስት መቶውም ግራጫ ልባስ ለብሰዋል። ጋሼ ቁልፉ የመጀመሪያውን ካርቶን ከፍቶ እጁን በአፉ ጫነ። የባህል ቢሮ ኃላፊዋ ደግሞ ሰኞ ለጉብኝት ትመጣለች። ከታወቀበት መባረሩ ነው።

ሐሙስ ጠዋት፣ መስኮቱ ሥር ከማይጠፉት ጡረተኛ መምህርት ፊት ቆመ።

«እትዬ፣ አይሳቁብኝና አንድ ነገር ልንገርዎት።»

ነገራቸው። አልሳቁም።

«በል ወንበር ሳብ» አሉት።

በአራት ቀን የሚያልቅ ነገር አይደለም። ላቡ ጠብ እስኪል ለፍቶ ሠላሳ ያህል ፊደል ያዘ።

ሰኞ ኃላፊዋ መጣችና መደርደሪያዎቹን ቃኘች። «እስቲ ስለ ውሃ ቧንቧ ጥገና የሚያወራ ካለ ያውጡልኝ» አለችው። ጋሼ ቁልፉ ጣቱን በግራጫዎቹ ጀርባ ላይ እያስሄደ ቆየ። «ው... ሃ...» አለ። እንደገና «ው... ሃ...»። መጽሐፍ ለመዋስ ወረፋ የያዙት ሰዎች ተያዩ።

«አባባ፣ አይታይዎትም እንዴ?» አለች ኃላፊዋ አዝናለት።

ማምለጫው ይኸው ተከፍቶለት ነበር። እሱ ግን መዋሸት ሰልችቶታል።

«ዓይኔስ ደህና ነው። ማንበብ የጀመርኩት ሐሙስ ነው።»



በወሩ ዲፕሎማ ያላት ባለሙያ ተመደበች። ጋሼ ቁልፉ ቁልፉን አስረክቦ ወደ በር ጥበቃው ተመለሰ። አላባረሩትም፤ ቢሆንም ከፍቶታል፣ ምን ይደበቃል። በሦስተኛው ወር ግን አዲሷ ባለሙያ ባህል ቢሮ ድረስ ሄዳ አቤት አለች፦ ጥበቃው መጽሐፍ ይዞ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ስለሚውል፣ ማን እንደገባ ማን እንደወጣ አያይም።