ከምድጃው በላይ የተሰቀለው ገብስ

አሰላ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ከድንጋይ ዘመን ተነስቼ መርከበኞች ውቅያኖስ እስካቋረጡበት፣ መጽሐፍም በማተሚያ መባዛት እስከጀመረበት ድረስ ያለውን የዓለም ታሪክ በአንድ ዓመት አንበለብለዋለሁ። እሳት፣ እርሻ፣ ጽሑፍ፣ ብረት። ዓለም መንገዷን የቀየረችባቸው ቦታዎች ላይ ስደርስ ድምፄ ይጨምራል፣ ጠመኔ እጄ ላይ ይሰበራል፣ በጎረቤት ክፍል ያለው የሂሳብ መምህር ግድግዳ ይደበድባል። ተማሪዎቼ «ቲቸር ተነሳባት» ይላሉ። አልዋሹም፣ ይነሳብኛል።

በተለይ እርሻ ላይ። መማሪያ መጽሐፋችን «ሰው እህል መዝራት ጀመረ» ብሎ ያልፈዋል። አንድ መስመር! ሰው ለስንት ሺህ ዓመት ሲለቅምና ሲያድን ኖሮ፣ አንድ ቀን ጠዋት ተነስቶ ገበሬ የሆነ ይመስላል። የዱር ገብስ እኮ ሲበስል ዛላው ራሱን በትኖ ፍሬው መሬት ላይ ይቀራል። አንድ ሰው፣ አንዲት ሴት ሳትሆን አትቀርም፣ ያልተበተነውን ዛላ አይታ ለይታ አስቀመጠችው። ከተማ፣ ንጉሥ፣ ጽሕፈት፣ መርከብ፣ ሁሉም ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም ቁጭ ብዬ ማውራት አልችልም።

ስለዚህ አምና በሰኔ መጀመሪያ፣ ለማጠቃለያ ፈተና ስንከልስ፣ ገብሱን እጃቸው ላይ ላስቀምጥላቸው ወሰንኩ። አሰላ ውስጥ ገብስ ሞልቷል፤ ወደ ብቅል ፋብሪካው በየቀኑ በመኪና ሲገባ እናየዋለን። እኔ የፈለግኩት ግን የድሮ ገብስ ነው። የድሮ ነገር ደግሞ አዳዳ ቤት አይጠፋም።

አዳዳ የአባቴ እህት ናቸው። ከበቆጂ ወጣ ብሎ ባለው ገጠር ብቻቸውን ያርሳሉ። የሄድኩ ቀን ገበያ ወጥተው በሩ እንደ ወትሮው በገመድ ብቻ ታስሮ ነበር። ፈትቼ ገባሁ። ግድግዳው ሥር ጆንያ ሙሉ ንጹሕ የቢራ ገብስ ተደርድሯል። ከምድጃው በላይ ግን፣ ማገሩ ላይ፣ ጥላሸት የለበሰ አንድ እስር የገብስ ዛላ ተንጠልጥሎ አየሁ። የታሪክ መምህር ዓይን እንግዲህ ምን ያደርጋል፣ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ አሮጌ የመሰለኝን መረጥኩ። ተሰቅሎ የተረሳ ነገር ነው ብዬ አውርጄ፣ አራግፌ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ለመጨረሻው ሚኒባስ ሮጥኩ። መደወሉ ትዝ አላለኝም።

ክፍል ውስጥ ዛላውን አሽተን ፈለፈልነው። አንድ ትልቅ ኩባያ ሙሉ ፍሬ ወጣው። ተማሪዎቹ አሸተቱት፣ ጭስ ጭስ ይላል ብለው ሳቁ። የጥንት ሰዎች እህል ሲርስና ሲበቅል እንደሚጣፍጥ እንዴት እንደደረሱበት ላሳያቸው ስለፈለግኩ ነከርነውና በእርጥብ ጆንያ ሸፈንነው። ቅዳሜ ጠዋት ለማጠናከሪያ ትምህርት ስንገናኝ ጆንያውን ገለጥን። እያንዳንዱ ፍሬ ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ አውጥቷል። ክፍሉ በጩኸት ተሞላ። የቀረን ፀሐይ ላይ አድርቆ ብቅል ማድረግ ብቻ ነበር። ግቢው ውስጥ ሰሌን አነጠፍንና ተማሪዎቹ ማስጣት ጀመሩ።

ስልኬ የጮኸው ያኔ ነው።

«ሳኚን ኮ ኤሳ ጅራ?» አሉ አዳዳ። ዘሬ የት አለ ማለታቸው ነው። ሰላምታ የለም። አዳዳ ያለ ሰላምታ ወሬ ጀምረው አያውቁም፤ ስለ ከብቱና ስለ ጎረቤቱ ጤና ተጠያይቀን እስክንጨርስ ሂሳቤ ያልቃል።

«የቱ ዘር አዳዳ?»

«ከምድጃው በላይ የነበረው። አንቺ ስትወጪ ጎረቤቴ አይታሻለች።»

«አሮጌ መስሎኝ ነው እኮ።»

«ሰነፍ ቆሎው ነው» አሉ፤ ገለባው ቶሎ የሚለቅ፣ ሙቀጫ የማይፈልግ ለቆሎ የሚሆን የድሮ ገብስ ነው። «አምና በረዶ ማሳውን ሲመታው የተረፈኝ እሱ ብቻ ነው። ነቀዝ እንዳይነካው ጭስ ላይ ሰቀልኩት። በዚህ ሁሉ አገር ሌላ ሰው ጋ የለም፣ ሁሉም የቢራ ገብስ ይዟል። ሰኞ ልዘራው ነው። ወላሂ በይኝ፣ አልነካሽውም አይደል?»

ሰሌኑን አየሁ። ፀሐዩ ጠንክሯል። ነጩ ነጥብ ከደረቀ ዘሩ ሞተ ማለት ነው። ለዓመታት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ስለዚያች ዘር ስለለየችው ሴት ስጮህ ኖሬ፣ የእሷን ሥራ ያጠፋሁት እኔው ነኝ። አፈርኩ፤ ማፈሬንም ለተማሪዎቹ አልደበቅኩም። ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስታውስ ዛሬም ልቤ ይመታል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ፍሬው አንድ ሳይቀር ተለቅሞ ወደ እርጥቡ ጆንያ ገባ። ለቤተሰቦቻቸው ደውለን አስፈቀድን። አሥራ አንድ ሆነን በባጃጅ መናኸሪያ ደረስን፣ አንድ ሚኒባስ ሞላን፣ ሾፌሩን ቶሎ በል እያልን አሰለቸነው። ጆንያውን ጭኔ ላይ አድርጌ በየደቂቃው ውሃ እረጨዋለሁ። መንገድ ላይ አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ያኔ በጥንት ዘመንም ዘሩን ተሳስቶ የበላው ሰው ይኖራል አይደል?» አለችኝ።

ይኖራል እንጂ! ስንት ቤት ክረምት ገብቶ፣ ልጅ እየራበው፣ ዘሩ ከልጁ ራስ በላይ ተሰቅሎ ኖሯል። ታሪኩ የታጠፈው ሲዘራ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከዚያ በፊት፣ ሰው እየራበው ቀና ብሎ አይቶ ሳይነካው ሲተኛ ነው። ይህን ለአንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው በከፍተኛ ድምፅ አስረዳሁ። ረዳቱ ሂሳብ መሰብሰቡን ትቶ ያዳምጠኝ ነበር።

ከበቆጂ በጋሪ ሄድን። አዳዳ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። እንግዳ ፊት አልተቆጡኝም፤ አለመቆጣታቸው ይብስ ከበደኝ። ጆንያውን ገልጠው አንድ ፍሬ መዳፋቸው ላይ አኖሩና አገላብጠው አዩት።

«ጭራ አውጥቷል» አሉ። «ተወርውሮ አይዘራም፣ ይሰበራል። በበሬም አይሸፈንም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል አዳዳ?»

«በእጅ። አንድ በአንድ።»

የታረሰው መሬት እርጥብ ነበር። አዳዳ በእንጨት ጫፍ መስመር እየሰነጠቁ ፊት ፊት ይሄዳሉ፣ እኛ በጉልበታችን እየዳኽን ከኋላ እንከተላለን። አንድ ፍሬ፣ አንድ ጣት አፈር፣ እንደገና አንድ ፍሬ። ጎረቤቶች አጥሩ ጋ ቆመው ገብስ እንደ ሽንኩርት ሲተከል አየን ብለው በኦሮምኛም በአማርኛም ሳቁብን። ካፊያው ሲጀምር እንኳ አንድም ተማሪ አልተነሳም። እኔ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ፈርቼ ነበር፣ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ከዓለም ታሪክ ሁሉ ትልቁን ነገር በጣቴ እየሠራሁት ነው። ማታ ሲጠጋ ጆንያው ባዶ ሆነ፤ ተመልሰን አሰላ ስንገባ የማንኛችንም ጥፍር አልጠራም።

ክረምቱን በስልክ አሰለቸኋቸው። «በቀለ?» ስላቸው «ቁጭ ብዬ ልጎትተው ወይ?» ይሉኛል። ሐምሌ ውስጥ ሄጄ አየሁት። በየመስመሩ መሃል ባዶ ቦታ አለ፤ ግማሽ የሚሆነው ቀርቷል። የተረፈው ግን አረንጓዴ ነው። እዚያው ማሳው ጫፍ ላይ አለቀስኩ። አዳዳ እንዳላዩ ሆነው አረም መንቀል ያዙ።

ኅዳር ላይ ደወሉልኝ፤ በሰላምታ ጀመሩ፣ ሂሳባቸውም አለቀ። በነጋታው ስደርስ ማሳው ውስጥ በቢላ ዛላ እየመረጡ ይቆርጡ ነበር። በረዶ የመታው፣ ቀጭኑ፣ አጭሩ አይነካም። ወፍራሙን ብቻ። ሲጨርሱ ቤት ገባን፤ ሁለት እስር አደረጉት። አንዱን ከምድጃው በላይ በድሮው ቦታ ሰቀሉ። ሌላውን ለእኔ ዘረጉልኝ።

እጄን ወደ ኋላ ሰበሰብኩ። «ለእኔ አይሆንም አዳዳ። ይልቅ ለጎረቤት ይስጡት።»

«እኔ ቤት ብቻ ስለነበረ ነው ልታጠፊው የደረስሽው» አሉ። «ሁለት ቤት መኖር አለበት።»

«ግን ለምን እኔ?»

«ጎረቤቶቼ ሲጠፋ አላዩም። አንቺ አይተሻል።»

ተቀበልኳቸው። አሰላ የተከራየሁት ቤት ውስጥ ምድጃ የለም፤ ያለኝ የኤሌክትሪክ ምጣድና አንድ የከሰል ማንደጃ ነው። ከማንደጃው በላይ ሚስማር መታሁና ሰቀልኩት። ዘንድሮ ምዕራፉ ሲደርስ ተማሪዎቼ ያን ገብስ አምጪልን አሉኝ። አላመጣሁም። ሰኔ ሲመጣ እዘራዋለሁ አልኳቸው።