አባቴ ሲያሸንፍ የዋለበት ቅዳሜ

ቤታችን ከዚራ ሰፈር ነው፤ ድሮ የባቡር ሠራተኞች ይኖሩበት ከነበረው ግቢ ውስጥ። አባቴና ጎረቤታችን በባቡሩ ጋራዥ አብረው ሠርተው አብረው ጡረታ ወጡ። ከዚያ በኋላ ሥራቸው ዳማ ሆነ። ፀሐይ በረድ ስትል በራችን ላይ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አግዳሚ ያወጡና ሌሎች ጡረተኞችም ይሰበሰባሉ። ጎረቤታችን የጀልዴሳ ሰው ነው። ሲያሸንፍ በኦሮምኛ ይዘፍናል፣ ሲሸነፍ በሶማሊኛ ይሳደባል፣ ከአባቴ ጋር ግን የሚጨቃጨቀው ባማርኛ ነው።

ዳማ ያለ ወሬ አይጣፍጥም። አባቴ የቢራ ቆርኪዎቹን በፊታቸው ይደረድራል፣ ጎረቤታችን ደግሞ ገልብጦ በጀርባቸው። አንዱ የሌላውን ቆርኪ በበላ ቁጥር ጣውላው ላይ ጠጠር የወደቀ ይመስል ቀጭ ያደርጋታል። «ይቺን ቀበርኳት» ይላል አባቴ። «አልቅስላት እንግዲህ።» «አቦ ተወኝ፣ ገና መቼ ጀመርኩና» ይላል ጎረቤታችን። ከበው የተቀመጡት ሁሉ መካሪ ናቸው፤ የሚሰማቸው ግን የለም።

እናታችን የሞተችው ታናሽ ወንድሜ ገና ትምህርት ቤት ሳይገባ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ጸጥ አለ። አባቴ ከልጁ ጋር የሚያወራው በዳማ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ማታ ማታ ከራት በፊት ይጫወታሉ። ወንድሜ ጎረምሳ ሲሆን አባቴን ማሸነፍ ጀመረ፤ ቆይቶም ጎረቤታችንን። ሲጫወት አይቀመጥም፤ ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ሌላ ነገር የሚያይ መስሎ ይቆይና ድንገት ጎንበስ ብሎ በአንድ እጅ ሦስት ቆርኪ ይለቅማል። አባቴ በልጁ ሲሸነፍ ፊቱ ላይ የሚታየውን ደስታ ሌላ ቦታ አይቼው አላውቅም።

ወንድሜ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ ልብስ ይሸጥ ነበር። ገበያው ሲቀዘቅዝ ማንንም ሳያማክር ለውትድርና ተመዘገበና ሁርሶ ማሠልጠኛ ገባ። እንድንጠይቀው በተፈቀደልን ቀን አባቴ ቆርኪዎቹን በፌስታል ቋጥሮ ይዞ መጣ። አሸዋው ላይ በጣቱ አራት ማዕዘን እየሳለ ዳማ ሠራ። ፀሐይ አናት እየበሳች ተጫወቱ። ወንድሜ አሸነፈ። አባቴ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ «ጭንቅላቱ እንዳለ ነው» አለኝ።

ከዚያ ወደ ሰሜን ላኩት። መጀመሪያ ይደውል ነበር። ኋላ ስልኩ ጠፋ። አባቴ በየቀኑ ይሞክራል፤ «የደወሉላቸውን ደንበኛ» የምትለዋን ሴትዮ ሳትጨርስ ይዘጋባታል። ከዚያ ቆርኪዎቹን ይዞ ይወጣል።

ያን ቅዳሜ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ስፌት ላይ እያለሁ ጎረቤታችን ደወለልኝ። ደውሎልኝ አያውቅም።

«ልጄ፣ ስትወጪ ቤት አትግቢ። መጀመሪያ እኔ ጋ ነይ» አለኝ።

«አባቴ አሞታል?»

«አባትሽ ደህና ነው።»

እንዲህ ሲለኝ ገባኝ። አስፈቅጄ ወጣሁ።

ጎረቤታችን ቤት ምርኩዝ የያዘ ወጣት ተቀምጧል። ከወንድሜ ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ ነበር። እኔን ሲያይ ሊነሣ ሞክሮ አቃተው። ወንድሜ ቃል አስገብቶት ነበር፦ «የሆነ ነገር ከሆንኩ አባቴ ጋ አትሂድ። ከዚራ ሂድና ከአባቴ ጋር ዳማ የሚጫወተውን ሽማግሌ ጠይቅ። ማንም ያሳይሃል።» በእርግጥም የጠየቀው ሰው አሳየው። ወንድሜ ከሞተ ወራት አልፈው ነበር። የቀበሩትም እዚያው ነው።

አልጮህኩም። የጎረቤታችን ሚስት አፌን በመዳፏ ይዛኝ ነበር፤ ቤታችን በግንብ ብቻ ነው የሚለየው። እጇ ላይ አለቀስኩ።

«አክስትሽ ከአዳማ ተነሥታለች» አለ ጎረቤታችን። «ሌሊቱን ትደርሳለች። ነገ ንጋት ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንነግረዋለን። አባትሽ ደም ብዛት አለበት፣ ብቻውን አይነገረውም። እስከዚያ ከበራፉ አልነሣም። ይሄ ልጅ ሲገባ ያዩት አሉ፤ አንዱ መጥቶ ነፍስ ይማር ቢለውስ?»

ፊቴን ታጠብኩና ገባሁ። አባቴ ገና ጫማውን እያደረገ ነበር።

«ዛሬ ቶሎ ወጣሽ።»

«ራሴን አሞኝ ነው።»

«ይሄ ሙቀት ነው። ውሃ ጠጥተሽ ተኚ» አለኝና ወጣ።

አልተኛሁም። መስኮቱ ጥግ ተቀምጬ ሁሉንም አየሁ፣ ሰማሁም። የዳማው ሰዎች በሙሉ መጥተዋል፤ ሁሉም ያውቃሉ። የማያውቀው አባቴ ብቻ ነው። አንድም ሰው አይመክርም፣ አንድም ሰው አይሳለቅም። አባቴ ብቻ ነው የሚያወራው።

«ምን ነካችሁ ዛሬ? መስጊድ ያላችሁ ነው የምትመስሉት።»

«ሙቀቱ ነው» አለ አንዱ።

ጎረቤታችን ተሸነፈ። ደገሙ፤ ተሸነፈ። ቆርኪዎቹን ከመስመራቸው ያስወጣቸዋል። አባቴ እያሾፈ ያስተካክልለታል። በበላ ቁጥር ቀጭ ያደርጋታል፤ «ይቺንም ቀበርኳት» ይላል። አንደኛው ሽማግሌ ተነሥቶ ወደ አጥሩ ዞረ፤ ሽንት የያዘው መስሎ ቆመ።

«ልጄ ቢኖር» አለ አባቴ፣ «ዛሬ ሁላችሁንም በአንድ ላይ ያሰልፋችሁ ነበር። ሲመጣ ታያላችሁ።»

የአስር አዛን ሲሰማ ጎረቤታችን ለሶላት ተነሣ። ሌላ ሰው ተተክቶ ተጫወተ፤ ጎረቤታችን ብዙ ቆየ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል።

«ዛሬ ሶላቱ ረዘመሳ» አለው አባቴ።

«ዱዓ ነበረኝ።»

«ለማን?»

«ለሁላችንም» አለና ተቀመጠ። «ደርድር።»

እስኪመሽ ተጫወቱ። አባቴ ቤት ሲገባ ፊቱ ፈክቶ ነበር። ወጥ አቀረብኩለት፤ ጥሩ አድርጎ በላ። «ጎረቤታችን አርጅቷል» አለኝ እየሳቀ። «እንዲህ ሲሸነፍ አይቼው አላውቅም።» እኔም ፈገግ አልኩ። እንዴት እንደቻልኩ አላውቅም።

ንጋት ላይ በሩ ተንኳኳ። አባቴ ራሱ ከፈተ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል፤ አክስቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከኋላቸው አለች። ከሁሉ ፊት ጎረቤታችን። አባቴ አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ዓይኑን ጎረቤታችን ላይ ተከለ።

«ትላንት ታውቅ ነበር?» አለው።

«አውቅ ነበር፣ ወንድሜ።»

ሌላ መርዶ አላስፈለገም። አባቴ በሩ ላይ ቁጭ አለ። እየወደቀም አልነበረም፤ ዝም ብሎ የደከመው ሰው እንደሚቀመጥ ተቀመጠ። የጮኸችው አክስቴ ናት።

ድንኳን ተተከለ። ሬሳ የሌለው ለቅሶ መጨረሻው የት እንደሆነ አይታወቅም፤ ሰው መጥቶ ያለቅሳል፣ ይበላል፣ ይሄዳል፣ እኛ ግን ከመቃብር አልተመለስንምና ገና የምንሄድ ይመስለናል። ጎረቤታችን ውሃ ሲያመላልስ፣ ወንበር ሲደረድር ሰነበተ። አባቴ አላናገረውም።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ጎረቤታችን መጥቶ አግዳሚው ላይ ከአባቴ ጎን ተቀመጠ። እኔ ደጃፉ ላይ ጎመን እቀነጥስ ነበር። አባቴ ተናገረ።

«መደበቅህን አልጠላሁም። ወግ ነው። ግን ልጄ አፈር ውስጥ ሆኖ አስቀኸኛል። ቀበርኳት፣ ቀበርኳት እያልኩ ዋልኩ። ብታሸንፈኝ ምን ነበረበት?»

«አልቻልኩም» አለ ጎረቤታችን። «ወላሂ ቆርኪው አይታየኝም ነበር። ሆን ብዬ የተሸነፍኩልህ መስሎህ ነው? አይታየኝም ነበር።»

ጎረቤታችን በማግስቱም መጣ፣ ከዚያም በኋላ። ይቀመጣሉ። ስለ ውሃ መጥፋት ያወራሉ። ቆርኪዎቹን ማንም አላወጣም።

በክረምቱ ከተማው ውስጥ የወባ ትንኝ በዛና ጎረቤታችን በንዳድ ወደቀ። ሁለት ቀን ከሰዓት አግዳሚው ላይ ሳይመጣ ቀረ። አባቴ በር በሩን እያየ ቆየና ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ወደ እነሱ ቤት ገባ። ሾርባ ይዤ ስከተለው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የሰውየውን እጅ ይዟል።

«አሸዋ ላይ አሸነፈኝ» ይለዋል። «ሁርሶ ልጠይቀው ሄጄ። ቆሞ ነበር የተጫወተው፤ እንደምታውቀው አይቀመጥም።»

«አውቃለሁ» አለ ጎረቤታችን፣ ዓይኑን ጨፍኖ። «ንገረኝ።»

አባቴ ነገረው። መርዶውን ከሰማ ወዲህ ስለ ልጁ እንዲህ ሲያወራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ሾርባው በእጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ጎረቤታችን ዳነ። አግዳሚው ላይ ዛሬም አብረው ይቀመጣሉ፣ አሁን ስለ ወንድሜ ያወራሉ። ዳማ ግን ሁለቱም ዳግመኛ አልተጫወቱም።