ሦስተኛው ጉልቻ

ልጅ ሳለሁ ሊሙ ገነት አጠገብ፣ ድሮ ጣልያን አውሮፕላን ያሳርፍበት ከነበረው ሜዳ ዳር እንኖር ነበር። አባቴ ለመንግሥት ሥራ ተዛውሮ ስለመጣ ለአገሩ እንግዶች ነበርን። ሜዳው ላይ ያኔ ቡና ይሰጣበታል፤ ቀን የሰው ጫጫታ አይለየውም፣ ሲመሽ ግን ማንም አያልፍበትም።

ማታ ማታ ጎረቤታችን አባ ፊጣ ቤት እየሄድኩ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ምድጃ ዳር እቀመጥ ነበር። ኩራዙ እየጨሰ፣ በቆሎው ፍም ላይ እየተንጣጣ ሽማግሌው ስለዚያ ሜዳ ያወሩልናል። ልጅ ሳሉ ድንጋይ ተሸክመው ከደለደሉት አንዱ ነበሩ። ከዚያ የተነሣው አውሮፕላን ጫካውን ሲዞር እናታቸው ነጭ ጋቢያቸውን ጭቃ ውስጥ ነክረው ቡናው ሥር ይሸሽጓቸው እንደነበር ሲነግሩን ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እኛም ሳናውቀው ወደ ጣራው እናንጋጥጣለን።

አንድ ምሽት ስለ ብረቱ አነሡ፤ ጣልያን ሲሸሽ ሣር ውስጥ ጥሎት ስለሄደው፣ ወፍራም፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ከኋላው ክንፍ ስላለው።

«ወላሂ፣ ተኝቷል እንጂ አልሞተም። የሚጠብቀው እሳት ነው። የዚህ አገር ሰው ከዚያ ሜዳ ብረት የማያነሣው ለምን መሰለሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?» አሉኝ።

በቆሎው ከእጄ ወደቀ። እናቴ ከሜዳው ዳር ያገኘችውን እንዲህ ያለ ብረት፣ ክንፉን መሬት ቀብራ፣ ሦስተኛ ጉልቻ ካደረገችው ዓመት ሆኖት ነበር። ያን ሰዓት ደግሞ ታናሽ ወንድሜን አዝላ ራት እየሠራች ነው።

«እኛ ቤት አለ» አልኩ በጭንቅ።

ሽማግሌው ያለ ምርኩዝ ሲሮጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» እያሉ ይሮጣሉ፣ እኔ ከኋላቸው እየወደቅኩ እነሣለሁ። በበራችን ስንጥቅ የእሳቱ ብርሃን ይታያል፤ አሁን ፈነዳ፣ አሁን ፈነዳ እያልኩ ጆሮዬን ይዤ ነበር።

እናቴ ወጡን እያማሰለች ቀና አለች። «አባ ፊጣ፣ ምነው በደኅና? ይቀመጡ፣ ራት ደርሷል።»

እሳቸው እጇን ይዘው ጎትተው አወጧት። ያን ሌሊት እሳቸው ቤት አደርን።

በማግስቱ ወታደሮች መጥተው ብረቱን ሜዳው ላይ አፈነዱት። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እናቴ ወንድሜን እንዳዘለች ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

ዛሬ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው የማበስለው። እናቴ ግን ድስት በጣድኩ ቁጥር «ራቅ በይ» ትለኛለች። ፍንዳታውን እየረሳሁት ነው። አሁንም ሰውነቴን ውርር የሚያደርገኝ ሌላ ነገር ነው፤ ያን ዓመት ሙሉ ከዚያ እሳት ስንበላ ወጡ ይጣፍጠን ነበር።