ለሁለት ጆሮ

አቧራ የጠጣ ጨርቅ የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት የሚሰጠው ሽታ አለ፤ ደረቅ፣ ትንሽ የሚያስነጥስ። የሳሎኑን መስኮት ስከፍት በየቀኑ ይቀበለኛል። የሚመጣው ከሁለቱ ትልልቅ የስፒከር ሳጥኖች ነው። የእህቴ ልጅ፣ ባለፈው ስትመጪ «ቦታ ይዘው ከሚቀመጡ ለምን አይሸጧቸውም?» ብለሽኝ ነበር። ያን ቀን ትቼሽ ቡና ላፈላ የተነሣሁት ከጀመርኩ እንደምቆጣ ስለማውቅ ነው።

ያገባሁት አሥራ ሁለተኛን በጨረስኩበት ዓመት ነው። ባለቤቴ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ይሠራ ነበር። ማሽኖቹ በተርታ ሲያጓሩ ሰው ከሰው የሚነጋገረው በእጅ ምልክት ነው። ማታ ሲመጣ ፀጉሩ ላይ የጥጥ ብናኝ ተኝቶ ሽማግሌ ይመስል ነበር። «ቀኑን ሙሉ ይሄን የሰማ ጆሮ ካሳ ይገባዋል» ይለኛል። ካሳው ሙዚቃ ነበር፤ ከትንሽ ሬዲዮ የሚንጫጫ ሳይሆን በትልልቅ ስፒከሮች ፊት ተቀምጠው የሚሰሙት።

እሁድ እሁድ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሚናለሽ ተራ ይወርዳል። አንድ ቀን አንድ ስፒከር እንደተኛ ሕፃን አቅፎ መጣ። ሁለት እኩል ካልሆኑ ዋጋ የላቸውም ብሎ የዚያኑ ዓይነት ሲፈልግ ወራት አለፉ። ሻጮቹ ከሩቅ ሲያዩት «የመንታው አባት መጣ!» እያሉ ይስቁበት ነበር። ሲያገኘው ደግሞ እነሱም አብረውት ጨፈሩ አለኝ። ሳጥኖቹን አናጢ ሠራለት። ውስጣቸውን የሚሞላው ጥጥ ከፋብሪካው ከሚጣለው ነበር፤ በሸሚዙ ሥር እየያዘ ይወጣል። የበሩ ጥበቃ «አንተ፣ ጠዋት ስትገባ እንዲህ ወፍራም ነበርክ?» ሲለው «ምሳችሁ ተስማማኝ» ይላል። ጥበቃው ሆዱን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ያሳልፈዋል።

የምንኖረው በኪራይ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ሽቦዎቹን ሲያገናኝ ባትሪ የማበራለት እኔ ነበርኩ። ሽቦ የሚበየድበት የቀለጠ ሊድ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ሁሉም ተገናኝቶ የከፈተው ዕለት የግቢው አምፖል ሁሉ ፈዘዘ። የዘፈኑ ሸክላ አንዴ እንኳ ሳይዞር አከራያችን በሩ ላይ ቆሙ።

«አንቺ ልጅ፣ ባልሽ ፋብሪካውን ተሸክሞ መጣ እንዴ? ንቀሉ! ቆጣሪው የኔ ነው!»

ነቀልን። እሱ ሽቦውን እየጠቀለለ «የራሳችን ቤት ስንገባ» አለኝ። ይህችን ቃል ከዚያ ወዲህ ስንት አከራይ ደጃፍ ላይ ሰማኋት! ከሰፈር ሰፈር በጋሪ ስንዞር ሳጥኖቹ አብረውን ዞሩ። አንዱ የልጆቼ ወንበር ሆነ፤ አንዱ ላይ ብርጭቆ ደረደርኩበት። እኔም ዳንቴል ሠርቼ አለበስኳቸው። ሲያየው «አፈንሻቸው እኮ!» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የማይዘፍን ነገር ቢያንስ ይመር ብዬ ነበር።

የራሳችን ቤት የገባነው ፀጉራችን ከነጣ በኋላ ነው፤ እዚህ፣ ከዓለም ገና ከተማ አለፍ ብሎ። መሬቱን የሸጡልን ገበሬ አጥራችንን ተጋርተው ይኖሩ ነበር። በኦሮምኛ «አቶ» እንደማለት ኦቦ እንላቸዋለን። ጠዋት በአጥሩ ላይ «አካም ቡልተን»፣ እንዴት አደራችሁ ሳይሉን አይውሉም። የመጨረሻ ልጃቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር፤ ረጅም፣ ምላሱ የማያርፍ።

ቤቱ ገና ግድግዳው ሳይለሰን ባለቤቴ ሳጥኖቹን ማስቀመጥ ጀመረ። ችኮላ ነበረበት። የሽመናው ማሽን ሲበላው የኖረው ጆሮው እየከዳው ነበር። የመረመረው ሐኪም ግራው ብዙ እንደማይቆይ፣ ቀኙም እንደሚከተል ነግሮታል። ስለዚህ ወንበሩን ከሁለቱ ሳጥኖች እኩል አርቆ አስቀመጠ፤ ድምፅ እንዳያስተጋባ ከኋላ ምንጣፍ ሰቀለ፤ ዳንቴሌን በክብር አጣጥፎ ሰጠኝ። አብርቶ ያጠፋል፣ እንደገና አብርቶ ያጠፋል። ልጁ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «ጋሼ፣ እናንተ ቤት ሁሌ ሙከራ ነው። ፕሮግራሙ መቼ ነው?» አለው።

«እሁድ! ና፤ እናትህንም ይዘህ ና።»

«ከኔ ስልክ ካልበለጠ ግን እስቃለሁ።»

«ሳቅ። እኔ አልሰማህም።»

ያ ሳምንት የማስተር ፕላኑ ግርግር የከረረበት ነበር። መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ የጎማ ጭስ እስከ ጓዳዬ ይገባ ነበር። ዋና ከተማዋ ልትሰፋ፣ የእነ ኦቦ ማሳ በካርታ ላይ ተቆርጧል ተባለ። ተማሪዎቹ ለተቃውሞ ወጡ። ልጁም ዩኒፎርሙን እንደለበሰ አብሯቸው ወጣ። ማታ በሰው ትከሻ ተመለሰ። ከጀርባው ነበር በጥይት የተመታው። ደግሜ ልንገርሽ፤ ከጀርባው።

እሁድ ዕለት የእነ ኦቦ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀመጥን። ከዚያ በፊት ባለቤቴ ሶኬቱን ነቅሎ ሽቦውን ጠቅልሎት ነበር። ማንም አላዘዘውም። አጥር የምትጋሪው ሰው ቤት ለቅሶ ተቀምጦ ሙዚቃ አይከፈትም። አርባው እስኪወጣ ብለን ነበር። የእሱ አርባ ሳይወጣ ከታችኛው መንገድ ሌላ ልጅ ሞተ። የዚያኛው ሳይወጣ ደግሞ ሌላ። ለቅሶው በየግቢው ተራ ይዞ ዞረ፤ ባለቤቴም ሽቦውን ሳይፈታ ከረመ። እኔ በግራው ሆኜ ስጠራው መዞር እየተወ መጣ።

ያን ጊዜ አንዲት ዘመዴ «ሰው እየሞተ ስለ ቴፕ ታስቢያለሽ?» አለችኝ። ሞትን ከሙዚቃ ጋር ላወዳድር? የትኛው እንደሚከብድ አላጣሁትም። ግን ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንዲት ነገር ይጠብቃል፤ አንድ ጊዜ አከራይ ንቀል ይለዋል፣ አንድ ጊዜ ጥይት። ካርታው ላይ ያሰመሩትን አላውቃቸውም። የተኮሰውንም አላውቀውም። ቁጣዬን የማሳርፍበት ፊት ስላጣሁ ድስት ላይ አሳረፍኩት፤ የዚያን ዓመት ያልተጣመመ ክዳን የለኝም። ባለቤቴ እንኳ «ምን እየወደቀ ነው?» አላለኝም። ከማይሰማ ሰው ጋር ሆኖ መቆጣት ደግሞ ራሱ ሌላ ቁጣ ነው። አሁን እሱም ሞቶ አርፏል፤ እኔ ግን ገና አልበረደልኝም።

በዚያ የለቅሶ ዓመት፣ አንድ ቀን ከሰዓት፣ የኦቦ ሚስት ጥቁራቸውን እንደለበሱ መጡ። ዶሯቸው ወደ እኛ ግቢ ገብታ ነበር። ዶሮዋን በብብታቸው ይዘው ሊወጡ ሲሉ በክፍቱ የሳሎን በር ሳጥኖቹን አዩ።

«ልጄ እሁድ እንሄዳለን ብሎኝ ነበር» አሉ።

በሩን ልዘጋው ስል በባዶ እጃቸው ያዙት።

«ገኤራ፤ ይበቃል። ክፈቱት።»

ሳሎን የነበረው ባለቤቴ መጥቶ «ምን አሉ?» ብሎ ቀኝ ጆሮውን ሰጠኝ።

«ክፈት አሉ!» ብዬ ጮህኩበት።

ሽቦውን ፈትቶ ሶኬቱን ሰካ። ሸክላውን በሸሚዙ እጅጌ ጠርጎ መርፌውን አሳረፈ። መጀመሪያ እንደ እሳት ተንጣጣ፤ ከዚያ ክራር ገባ። ከወንበሩ ተቀመጠ። እኔ የማየው ፊቱን ነው። አንገቱን ወደ ቀኝ አዞረ፣ ወደ ግራ አዞረ፣ አገጩን ቀና አደረገ፤ በቀረው አንድ ጆሮ ሁለቱ ሳጥኖች አልገጠሙለትም። ተነሣ። ሽቦ ሊያስተካክል መስሎኝ ነበር። ትከሻዬን ይዞ ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ።

«አንቺ ስሚልኝ።»

በዕድሜዬ እንደዚያ ሰምቼ አላውቅም። ክራሩ በስተግራዬ ነበር፣ ከበሮው በስተቀኜ።

«ዘፋኟ የት ናት?» አለኝ።

«መሀል።»

«መሀል ምንም የለም እኮ። ግድግዳ ነው።»

«እዚያው ናት። ቆማለች።»

ሳቀ። ከዚያ ዘወር ብሎ ባዶውን ግድግዳ ያይ ጀመር። የኦቦ ሚስትም ዶሮዋን እንዳቀፉ ወደዚያው አዩ።