ዐሥራ አራት ቁጥር ኮንደንሰር

በእኔ ቤተ ሙከራ ዝንብ እንኳ ሳትፈርም ገብታ አትወጣም ነበር። አጋነነ የምትሉ ባልደረቦቼ አትጠፉም። መጠርጠርን የተማራችሁት ከእኔ ስለሆነ አልቀየማችሁም። በደርግ ዘመን፣ ኮተቤ መንገድ ዳር ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ረዳት ሆኜ ስሠራ፣ አንዲት ጠብታ አሲድ አልጠፋችብኝም። ከአንድ ዕቃ በስተቀር።

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የሳይንስ ክፍል ኃላፊው አቶ ተሾመ አንድ ቁልፍና አንድ ወፍራም መዝገብ አስረከቡኝ።

«ስማ ምትኩ፣ ዕቃ ያወጣ ሁሉ ይፈርማል። መምህርም ቢሆን፣ ዳይሬክተሩም ቢሆኑ።»

«እርስዎስ?»

«እኔም እፈርማለሁ።»

«እኔስ?» ብዬ አልጠየቅኩም፤ እሳቸውም አላነሡትም። ቁልፉ በኪሱ ያለ ሰው ለማን ይፈርማል?

የእኅቴን ቀይ የጥፍር ቀለም ሳላስፈቅድ ወስጄ በየዕቃው ላይ ቁጥር ጻፍኩ። ቢከሩ፣ ፒፔቱ፣ የአልኮል መብራቱ፣ ሁሉም እንደ ወታደር ቁጥር ወጣለት። ዐሥራ አራት ቁጥር ኮንደንሰሩ ነበር፤ እንፋሎት በውስጡ ሲያልፍ በዙሪያው በሚሄደው ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ፈሳሽ የሚለወጥበት ድርብ የመስታወት ቱቦ። በትምህርት ቤቱ ያለው እሱ ብቻ ነው።

መስከረም ላይ ቆጠራ ሳደርግ ዐሥራ አራት ቁጥር የለም። መዝገቡን ገለጥኩ፤ ማንም አልፈረመበትም። እንግዲያው ተሰርቋል ማለት ነው። ዘበኛውን ጠረጠርኩ። የማታ ተማሪዎችን ጠረጠርኩ። የኬሚስትሪ መምህሩ «ደህና አደርክ?» ሲለኝ እንኳ «ምን አስቦ ነው?» እል ጀመር። ተጠርጣሪዎቼ ከመብዛታቸው የተነሣ ሰላም የምለው ሰው አጣሁ።

በዚሁ መሐል የአካባቢው ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ሳይንስ ኤግዚቢሽን በእኛ ትምህርት ቤት አዳራሽ ሊደረግ ሆነና በፈቃደኝነት እንድሠራ ታዘዝኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠረጴዛ ተሸከምኩ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ዘረጋሁ፣ ለመፈክሩ ቀይ ጨርቅ ወጠርኩ። በመክፈቻው ጠዋት ክንዴ ላይ «አስተናጋጅ» የሚል ጨርቅ ታሰረልኝና በአዳራሹ በር ላይ የሚገቡትን ሥራዎች እንድፈትሽ ተመደብኩ።

ለዚህ ሥራ ነበር የተፈጠርኩት። ከሚቀርበው ሬዲዮና ደወል ግማሹ የአባት ወይም የታላቅ ወንድም ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ዕቃውን አላይም፤ «እጅህን አሳየኝ» ነው የምለው። ብየዳ የነካ ልጅ ጣቱ ላይ ቃጠሎ አይጠፋም። እጁ እንደ ሕፃን የለሰለሰውን «አባትህን ጥራው፣ እሱ ያስረዳን» እያልኩ ላቡን አወጣለሁ።

ዘነበች የኛው ትምህርት ቤት የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። እናቷ ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ እየሸጠች ነው ያስተማረቻት። ልጅቱ ከዚያው ቅጠል ዘይት የሚያወጣ መሣሪያ ሠርታ መጣች። እንስራ፣ በጭቃ የተመረገ ክዳን፣ ከክዳኑ የሚወጣ መቃ። እጇን አየሁ፤ ተቃጥሏል፣ ተቧጭሯል፣ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል። «እለፊ» ልል ስል መቃው ጫፍ ላይ የተሰካውን አየሁት። ድርብ መስታወት፤ ጎኑ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም፣ ዐሥራ አራት።

«ይቺን ከየት አመጣሽ?»

«ከጎረቤት ተውሼ ነው ጋሼ።»

«ጎረቤትሽ ማን ነው? ዩኒቨርሲቲው?»

«እትዬ የሺ ናቸው። ላይ ቤት።»

«ሌባ!» አልኩ። ድምፄ መገናኛ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። አዳራሽ ሙሉ ሰው ወደ እኛ ዞረ። የኤግዚቢሽኑን ኮሚቴ የሚመራው ጓድ በላቸው ካኪውን እያስተካከለ መጣ።

«ምንድን ነው ጓድ?»

«የሕዝብ ንብረት ተሰርቆ ነው፤ ይኸው ማስረጃው!»

በዚያ ዘመን «የሕዝብ ንብረት» የሚባል ቃል ከአፍ ከወጣ ተመልሶ አይገባም። ጓድ በላቸው ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አያት። «አንድ ሰዓት አላችሁ» አለኝ። «ዳኞቹ ሳይመጡ አበዳሪ የተባለችውን ሴት ይዘህ ና። ውሸት ከሆነ ከውድድሩ ትሰረዛለች፣ ጉዳዩም ለቀበሌ ይሄዳል።»

ዘነበች አላለቀሰችም። «እንሂድ» አለች ብቻ።

አቀበቱን ጀመርን። እንዳታመልጠኝ «ቅደሚ» አልኳት። እሷ ደግሞ በየአሥር እርምጃው ዞር እያለች ታየኛለች፤ ማን ማንን እንደሚጠብቅ አይለይም። ባሕር ዛፉ መሐል ስንገባ ጫማዋ ተፈታና ለማሰር ጎንበስ አለች። እኔ ቀደምኳት። መንገዱ ለሁለት ሲከፈል ወደ ግራ ታጠፍኩ፣ የተሰበረውን አጥር አለፍኩ፣ ኩሬውን ዘለልኩ።

«ጋሼ» አለች ከኋላዬ። «ቤቱን ያውቁታል እንዴ?»

ቆምኩ። እግሬ ያውቀዋል፤ እኔ ግን ገና ማስታወሴ ነበር።

እትዬ የሺ አረቄ አውጪ ናቸው። በራፋቸው ላይ ሆነው ገና ከሩቅ ሲያዩኝ እጃቸውን አጨበጨቡ።

«ውይ፣ ባለ መስታወቱ! አለህ እንዴ? በክረምት ‹መቃዎ እንፋሎት ያባክናል፣ በሳይንስ ላሳይዎ› ብለህ አምጥተህ ሰክተህልኝ፣ ከወጣው ግማሹን ራስህ ጠጥተህ፣ እየዘፈንክ ወርደህ ቀረህ! ይመጣል ስል ይመጣል ስል። ይቺ ልጅ ለትምህርት ነው ስትለኝ ሰጠኋት። አጠፋሁ?»

«አላጠፉም» አልኩ። ዘነበችን ለማየት ድፍረት አጣሁ።

እትዬ የሺን ይዤ ብወርድ ጉዴ ሊወጣ ነው፤ እሳቸውን ትተን ስንወርድ መላ አወጣሁ። መዝገቡ ላይ ባዶ መስመር አለ፤ እዚያ ላይ ስሟን ብንጽፍ፣ ከእኔ የተዋሰችው ይመስላል፣ እኔም «ሳላይ ቀርቼ ነው» እላለሁ፤ ሁለታችንም እንተርፋለን። ቤተ ሙከራውን ከፍቼ መዝገቡን ዘረጋሁላት፣ ስክሪብቶም ሰጠኋት።

«እኔ የተዋስኩት ከእትዬ የሺ ነው» አለች። «ከዚህ ያወጣ ሰው ነው የሚፈርመው። መዝገቡ ላይ እንደዚያ ነው የሚለው።» ስክሪብቶውን መልሳ መዳፌ ላይ አኖረችው።

መዝገቡን ይዤ አዳራሹ ስገባ ጓድ በላቸውና አቶ ተሾመ አብረው ቆመዋል። አማራጭ አልነበረኝም።

«ዕቃውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ ንጹሕ ናት» አልኩና ፊታቸው ላይ ፈረምኩ። በቤተ ሙከራው ታሪክ የመጀመሪያው የእኔ ፊርማ ነው።

ጓድ በላቸው ሰዓቱን አየና «እንግዲያው ትግባ» ብሎ ወደ ዳኞቹ ሄደ። አቶ ተሾመ ግን መዝገቡን ወደ መነጽራቸው አስጠጉት።

«‹የወጣበት ምክንያት› የሚለው ባዶ ነው።»

«ለሙከራ» ብዬ ጻፍኩ።

«የምን ሙከራ?»

«የ... ማጣራት።»

አሸተቱኝ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ጎንበስ ብለው አሸተቱኝ። ደግነቱ ያን ጠዋት ንጹሕ ነበርኩ። «ለአንድ ወር ቁልፉ እኔ ጋ ይሁን» አሉና ተቀበሉኝ።

ዘነበች እሳቱን ለኮሰች። ጥቂት ቆይቶ ከዐሥራ አራት ቁጥር ጫፍ ዘይቱ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር፣ እንጦጦ ራሱ አዳራሹ ውስጥ የገባ ይመስል ሁሉም ወደ እሷ ጠረጴዛ ተጠጋ። ሁለተኛ ወጣች። አንደኛ የወጣው የአንድ መሐንዲስ ልጅ ሬዲዮ ነው። የልጁን እጅ የሚያይለት ሰው በሩ ላይ አልነበረም፤ እኔ አቀበት ላይ ነበርኩ።

ለእናንተ ቁልፍ ለምትይዙት የምለው ይህ ነው፦ ስታወጡ ፈርሙ። ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የማይፈርመውን ሰው ጠይቁ።

ዘነበችን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ በማግስቱ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በሩን ዘግቼ፣ ለብቻዋ። ሌባ ያልኳት ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ነበር።