የአያ ሞላ አምፕሊፋየር

አንባቢዬ መጀመሪያ እኔ ማን እንደሆንሁ ይወቅ። ከቡሬ እስከ ሽንዲ፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ፈረስ ቤት፣ ድምፁ የታፈነ ራዲዮ ወይም ካሴት የሚበላ ቴፕ ይዞ "ማን ያድንልኛል?" ያለ ሰው ሁሉ የተላከው ወደ እኔ ደጅ ነው። ያስተማረኝ ሰው የለም። የመጀመሪያውን ራዲዮ ፈትቼ ስገጥመው ብሎኖች ተርፈውኝ ነበር፤ ራዲዮው ግን ከበፊቱ አብልጦ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ ድምፁን ብቻ ሰምቼ የትኛው ዕቃ እንደታመመ እናገራለሁ። ሹሙም ቄሱም ደላላውም ተራ ጠብቀው ነው የተስተናገዱት።

ከነካኋቸው ሁሉ የምኮራበት ግን የታላቅ ወንድሜ የአያ ሞላ አምፕሊፋየር ነው። ራዲዮውም ቴፑም ድምፁን በሁለት ትልልቅ ስፒከሮች የሚያወጣው በእርሱ በኩል ነው። አያ ሞላ ዓይኑ ጠፍቷል፣ ጆሮውም ደክሟል፤ በስልክ የሚከፍቱለትን ነገር አይሰማም። የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ግን ወንበሩን አስጠግቶ፣ መዳፉን ስፒከሩ ላይ አሳርፎ ይሰማዋል። "ዓለም በዚህ ሣጥን ነው የሚገባልኝ" ይል ነበር።

ባለቤቴ ባረፈች በዓመቱ ጀርመን አገር ያለችው ልጄ ባንቺአምላክ ወረቀቴን ጨርሳ ጠራችኝ። የመሄጃዬን ሌሊት አያ ሞላ ቤት አደርሁ። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ በኩራዝ ተቀምጠን ልጁን ትሁኔን አስጠነቀቅኋት። መብራት ሲመለስ ወዲያው እንዳትሰካው፣ የጎረቤት ወፍጮ ተነስቶ ድምፁ እስኪረጋ እንድትጠብቅ ነገርኋት። በእኛ ሰፈር መብራት የሚያብደው ወፍጮው ሲነሳ ነው፤ ይህን ያወቅሁ እኔ ነኝ።

አያ ሞላ ጆሮውን አስጠግቶ ይህን ሲሰማ ቆይቶ፣ "አንተ ከሄድህ ይህ ሣጥን ቢታመም ማን ያየዋል?" አለኝ።

"የትም ብሆን እጄ ይደርሳል" አልሁት።

ይህን ቃል ሰጥቼ ነው የወጣሁ።

አውሮፕላን ማረፊያ ፈታሹ የሊድ ማቅለጫ ካውያዬን ከሻንጣዬ አውጥቶ እንደ እባብ በሁለት ጣቱ ያዘው። ምን እንደሆነ ነገርሁት። "አባቴ፣ እርስዎ የሚሄዱት ሊጦሩ አይደል?" አለኝ። ጀርመን አገር ራዲዮ አይበላሽም ያለህ ማነው ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀና ለቀቀኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አይበላሽም ሳይሆን ሲበላሽ ይጣላል። ዝናቡም እንደ ሐምሌ ዝናብ ጮሆ የሚያባራ አይደለም፤ ሰው እንዳያውቅበት የሚያለቅስ ይመስላል። ዳቦው ጥቁርና ጎምዛዛ ነው፣ ያውም ቀዝቅዞ ይበላል። ሰዉ ደግሞ ደረጃ ላይ ሲያገኝህ ሰላም ይልህና፣ እንዴት አደርህ ብለህ ስትጀምር በሩን ዘግቶ ይገባል።

ክረምቱ ሳይወጣ ትሁኔ ደወለች። መብራት ብዙ ቀን ጠፍቶ ሲመለስ አባቷ ለመናት፣ እሷም ሰካችው። ወፍጮው ተነሳ። አምፕሊፋየሩ ጢስ አወጣና ዝም አለ። ትሁኔ በጆሮው እየጮኸች አዲስ ልግዛልህ ማለቴን ብትነግረው አያ ሞላ፣ "አዲሱ የማንን እጅ ያውቃል?" አለኝ። ከዚያ በኋላ በደወልሁ ቁጥር ትሁኔ አንድ ነገር ነው የምትነግረኝ፤ መዳፉን ዝም ያለው ስፒከር ላይ አድርጎ ይውላል።

የተቃጠለውን አይሲ፣ ድምፁን የሚያጎላውን ዕቃ ማለቴ ነው፣ ቁጥሩን ትሁኔን አስነብቤ ፍለጋ ወጣሁ። እዚህ አገር ያለ ቴርሚን፣ ማለትም ያለ ቀጠሮ፣ ፀሐይም የምትወጣ አይመስለኝም። በቴርሚናችን ቀን የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ባለቤቱ ቁጥሩን የጻፍሁበትን ወረቀት አየና፣ እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚጠግኑት ሽማግሌ ሞተዋል፣ የእሳቸው ጓዝ ምድር ቤት ተቆልፏል አለ። "ልየው በይው" አልኋት ባንቺአምላክን። መሳቢያዎቹን ስስብ የሰውየው አሠራር ወዲያው ገባኝ፤ እንደ እኔ የሚታመነውን ዕቃ ከኋላ ነው የሚያስቀምጠው። እዚያው ከኋላ አገኘሁት።

ሳልሞክረው አልልክም ብዬ በአሮጌ ራዲዮ ላይ በየድሁት። አከራያችን ሴትዮ በርበሬ ስንቆላ እንደምትመጣው ሊድ ሲቀልጥም መጣች። አባትሽ ዛሬ ደግሞ ምን እያበሰሉ ነው ብላ ልጄን ጠየቀቻት።

"ራዲዮ በያት" አልሁ።

ዕቃውን ለዘመድ ጥየቃ የምትሄድ የፍኖተ ሰላም ሴት በካፖርቷ ጠርዝ ሰፍታ ወሰደችው። አዲስ አበባ ስትደርስ የጎጃም መንገድ ተዘግቶ ነበርና ዕቃው እህቷ ቤት ተቀመጠ። ስልኩም ተቋረጠ። ተከፈተ ሲሉ ተዘጋ፣ መጣ ሲሉ ጠፋ። በመጨረሻ አንድ የእህል ነጋዴ እንዳሻገረው ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ረጅም ዝምታ ሆነ።

አንድ ቀን ስልኩ ገባ። ያነሳችው ትሁኔ ናት።

"ደርሷል አጎቴ። አንድ የፍኖተ ሰላም ባለሙያ ገጥሞታል። ይሠራል።"

"እስኪ ክፈችው፣ ልስማው።"

"አሁን አይከፈትም አጎቴ። ለቅሶ አለ።"

"የማን ለቅሶ?"

"የሩቅ ሰው ነው። እርስዎ አያውቁትም።"

"አያ ሞላን አቅርቢልኝ።"

"ፀበል ሄደዋል።"

አያ ሞላ ከአልጋው እስከ በሩ ለመድረስ የሰው ክንድ ይፈልጋል። የሩቅ ሰው ሞትም የሰው ቤት ራዲዮ አያዘጋም፤ የሚያዘጋው የገዛ ቤት ለቅሶ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ መርዶ በስልክ አይናገርም። ማለዳ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ በር ያንኳኳል። እኔም ስንቱን በር በማለዳ አንኳኩቻለሁ፤ ደግሞ እንደ እኔ አድርጎ መርዶ የሚናገር አልነበረም።

"እንኳን ተሠራ" አልኋትና ዘጋሁ።

ከዚያ ወዲህ ባንቺአምላክ ስልክ የምታነሳው ወጥ ቤቱን ዘግታ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎችም ጠዋት ጠዋት ቤት እንደምገኝ ጠይቀዋታል። እስኪመጡ ድረስ ያደረግሁትን ልጻፍ፤ ሌላ የሚጽፍልኝ የለም።

ቋንቋውን በማላውቀው አገር፣ ከሞተ ሰው መሳቢያ፣ ትክክለኛውን ዕቃ አገኘሁ።

በተዘጋ መንገድ ቡሬ አስገባሁት።

የጢስ ሽታውን እንኳ ያላሸተትሁትን አምፕሊፋየር አዳንሁ።

ትሁኔ ሌላ ውሸት እንዳትፈልግ፣ ሌላ ጥያቄ አልጠየቅኋትም።

እጄ ይደርሳል ብዬ ነበር፤ ደርሷል።

ዛሬም በማለዳ ፊቴን ታጥቤ፣ ጋቢዬን ለብሼ፣ በሩን እያየሁ ተቀምጫለሁ። እስኪያንኳኩ ድረስ አያ ሞላ ፀበል ነው ያለው።