ለፈረስ የማይፈቀድ ድልድይ

እንጅባራ፣ ዞን ቢሮ ውስጥ የፕሮጀክት ፋይናንስ ባለሙያ ሆኜ ሥራ የጀመርሁ ዕለት ኃላፊዬ አቶ ጌትነት አንድ ወንበርና አንድ ኮምፒውተር አሳዩኝና «ከእንግዲህ ሥራሽ ካርቦን ነው» አሉኝ። ካርቦኑ የት እንዳለ ግን እሳቸውም አልነገሩኝ፣ እኔም አልጠየቅሁ።

ሥራው የወረዳዎችን ችግር የአየር ንብረት ፈንድ በሚገባው ቋንቋ መጻፍ ነው። ፈንዱ ከተቀበለው ይሠራል፤ ካልተቀበለው ችግሩ እዚያው ባለበት ይቆያል።

መጀመሪያ የመጡት ከዘንገና ሐይቅ ማዶ የሚኖሩ ገበሬ፣ አያ ታከለ ናቸው። ዳማ ፈረሳቸውን አጥሩ ላይ አስረው ገቡ። የእንጨት ድልድያቸውን ጎርፍ ወስዶታል። ገበያውም ጤና ጣቢያውም ከወንዙ ወዲህ ነው።

«ልጄ፣ ዝናቡ እንደ ድሮው አይደለም፤ ያለውን ባንዴ ነው የሚያራግፈው። ክረምት ሳይገባ ድረሱልን» አሉኝ።

ጽፌ ላክሁ። የፈንዱ ባለሙያ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ አነጋገረኝ። ትሑት ሰው ነው።

«ድልድዩ ምን ያህል የጭስ ልቀት ይቀንሳል? አሁን በምንድን ነው የሚጓጓዙት?»

«በፈረስ።»

«ነዳጁስ?»

«ሣር። ሲደላው ገብስ።»

ቅጹ ላይ ዜሮ ሞላ። «እንግዲህ ልቀት ከሌለ የሚቀነስም የለም» አለኝ፤ ከልቡ አዝኖ።

አቶ ጌትነት «እስኪ ትንሽ ጭስ ፈልጊላቸው» አሉኝ። አያ ታከለ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። «ለጭስማ የአዲስ ቅዳም ከሰል አክሳይ መች አነሰ? ከሰል አክስለን እንምጣ?»

እኔም ብልሃቱ ገባኝ። ለመንደሩ በፀሐይ ኃይል የምትሞላ ኤሌክትሪክ ባጃጅ ጠየቅሁ። መንደሩ የቤንዚን ባጃጅ ኖሮት አያውቅም፤ «ወደፊት ሊገዛ ይችላል» ብዬ ስጽፍ ግን፣ ያልተገዛችው ባጃጅ ያላጨሰችው ጭስ እንደ ተቀነሰ ተቆጠረልን። ቶሎ ተፈቀደ። ባጃጇ መጥታ ወንዙ ዳር ቆመች።

ፎቶዋን ስልክላቸው ፈንዱ ደነገጠ። ንብረቱ እንዴት ይሻገር? ለሰው ያልተገኘው ድልድይ ለባጃጅ ተገኘ። ግን ክረምቱ ገብቷል፤ ግንባታው እስከ በጋ ይቆይ ተባለ።

በዚያው ክረምት የአያ ታከለን ልጅ ምጥ ያዛት። እሳቸው አዋላጅ ሊያመጡ በዳማው ወንዙ ውስጥ ገቡ። ቁጥቋጦ ይዘው ከወንዙ ወዲህ ወጡ፤ ፈረሱን ውኃው ወሰደው። ከጤና ጣቢያ የጠሯት አዋላጅም መሻገር አልቻለችም። ልጃቸው በጎረቤት ሴቶች እጅ ተገላገለች፤ እግዜር አተረፋት። ወሬውን ስሰማ ንዴት አንገበገበኝ፤ ቢሮዬን ዘግቼ አለቀስሁ።

ድልድዩ በበጋ ተመረቀ። ባጃጇ በአበባ አጊጣ፣ እየተጨበጨበላት ቀድማ አለፈች። አያ ታከለ በእግራቸው መጡ። «እንኳን ደስ አለዎ» አልኋቸው።

«ይሁን፣ ተመስገን» አሉኝ፤ ድልድዩን አይተው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ ልጄ።»

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው፦ ፈንድ የሚቆጥረው ጭስ ነው። ጎርፍ ግን የማያጨሰውንም ይወስዳል።